በጎን የተሳለችው ወይዘሮ

ሰኞ

ፈሪ እኔ ነኝ? እህቴ ጥሩዬ አፏን ሞልታ «ሥዕል የሚፈራ ጎረምሳ!» ትለኛለች። እስቲ እሷ ከዚች ሴትዮ ጋር ሱቅ ትዋል! ደብረ ታቦር ውስጥ እንደኔ ፍሬም የሚገጥም ካለ ይምጣ። እኔ ማንንም ፈርቼ አላውቅም። ይቺ ግን ሌላ ናት።

ሥዕሉን በባጃጅ ጭና ያመጣችው ከአዲስ አበባ የመጣች መምህርት ናት። «የሟች እናቴ ናት፤ የሚያምር ፍሬም አድርግላት» አለችኝ። የወርቅ ጥልፍ ያለው ጥቁር ካባ። የጆሮ ወርቅ። ነጭ ጓንት። ቀጥ ያለ አንገት። ትልቅ ሰው እንደነበረች ያስታውቃል። ግን የተሳለችው በጎን ነው፤ አንድ ዓይን ብቻ! ከአራተኛ ክፍል ባላልፍም ይህንን አውቃለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ጻድቅ ሁሉ ሁለት ዓይን አለው። ባለ አንድ ዓይኑ ሰይጣንና ይሁዳ ነው። ይቺ ታዲያ ምን ሠርታ ነው?

ማክሰኞ

አውራ ጣቴን በመዶሻ ቀጠቀጥኩት። መስታወት ሰበርኩ። እኔ መስታወት ሰብሬ አላውቅም! (እሺ፣ ሁለት ጊዜ።) በጆንያ ሸፈንኳት። ጆንያው ወደቀ። ነፋስ የሚባል አልነበረም። ጠበል ረጨሁባት፤ ምንም ለውጥ የለም።

ረቡዕ

ዘዴ አገኘሁ! ዲግሪ ምን ያደርጋል፣ ጭንቅላት ነው እንጂ። የጥሩዬን ኩል ወስጄ ሁለተኛ ዓይን ሳልኩላት። ጉንጯ ላይ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አድርጌ። እንዳይለቅ ቫርኒሽ ደረብኩበት። በቃ፣ ጻድቅ ሆነች።

ከሰዓት፦ ባሰ። አሁን በሁለቱም ታፈጥብኛለች።

ሐሙስ

መምህርቷ ደወለች። ነገ ጠዋት ልትወስዳት ነው። እንደዘበት «ለምን በጎን ተሳሉ?» አልኳት።

«ፈንጣጣ በልጅነቷ አንድ ዓይኗን አጥፍቶባት ነው» አለችኝ። «ሰው ፊት ሁልጊዜ ደህናውን ዓይኗን አዙራ ነበር የምትቀመጠው። ፎቶ ተነሽ ስትባል እሺ ብላ አታውቅም። ያለኝ ምስሏ ይኸው ብቻ ነው።»

ስልኩን ዘግቼ ወደ ሥዕሉ ዞርኩ። ለካ ያ ካባ፣ ያ ወርቅ፣ ያ አንገት፣ ሰው እሱን አይቶ ስለ ዓይኗ እንዳይጠይቅ ነው። ሴትዮዋም ስትፈራ ነው የኖረችው። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ጥንቃቄዋን በጥሩዬ ኩል አጠፋሁት።

ጥሩዬ ኩሏን ፍለጋ መጥታ ሥዕሉን አየችው። ትስቅብኛለች ስል፣ ኩሉን በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ አየችው። «ወንድሜ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ሠዓሊ ለመሪጌታ ጻፍላቸው» አለችኝ። አሁን የላክሁት ይኸውና፦

«መሪጌታ፣ ቫርኒሽ የተደረበበት ኩል ከሥሩ ያለውን ቀለም ሳያበላሽ ይለቃል አይለቅም? ሰላምታው ይቆየን። አሁኑኑ ይመልሱልኝ!»