«የተጎዳ ሰው የለም» ላሉን የሬዲዮ ዜና ክፍል ኃላፊ

ለተከበሩ የዜና ክፍል ኃላፊ፣

እንደምን ሰነበቱ ጌታዬ፣ ጤናዎ፣ ልጆችዎ፣ ከሁሉም በላይ ያ የማይደናቀፈው የዜና አንባቢያችሁ ድምፅ ደህና ነው ወይ፣ እኛ ተመስገን አለን፣ ማለት ከወንድሜ በቀር አለን። ትምህርቴን ከስድስተኛ ስላቋረጥኩ ካጠፋሁ ይቅር ይበሉኝ።

አንደኛ፣ ወንድሜ የሚሠራበት ክር ፋብሪካ የተቃጠለ ቀን «መጠነኛ ጭስ ታይቶ ወዲያው በቁጥጥር ስር ውሏል፣ የተጎዳ ሰው የለም» ስላላችሁን በጣም እናመሰግናለን። እኔ ከፋብሪካው አጥር ማዶ ላውንደሪ ቤት ልብስ እተኩሳለሁ፣ ያንን መጠነኛ ጭስ በመስኮት አይቼዋለሁ፣ ሰማዩን አጥቁሮት ነበር። ክር እንዳይሰረቅ ተብሎ በሩ ከውጭ እንደሚቆለፍም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ምናልባት እናንተ ጋ አልደረሰ ይሆናል፣ ሩቅ ነዋ፣ ታክሲ መያዝ ይጠይቃል።

ሁለተኛ፣ በዚያው ዜና ላይ ባሕር ማዶ ጉድጓድ የገባች ድመት እንዴት እንደወጣች፣ ማን እንዳወጣት፣ ስሟን ሳይቀር ነገራችሁን። እናቴ እሰይ ብላለች።

ሦስተኛው የውጭ ሬዲዮዎቹ ነገር ነው፣ እባክዎ ለማንም አይንገሩብኝ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ድምፁን ቀንሼ ነው የማዳምጣቸው። እነሱ የፋብሪካውን ዘበኛ አነጋግረው በሩ ተቆልፎ እንደነበር፣ የሞቱም እንዳሉ ተናገሩ። እግራቸውን ብስም ደስ ባለኝ፣ ግን እነሱም የአንድ ሰው ስም አልጠሩም፣ ትንፋሽ ሳይወስዱ ወደ ኳስ ገቡ። አይፈረድባቸውም፣ ባዳ ናቸው፣ እናንተ ግን የኛ ናችሁ።

ችግሩም እሱ ነው ጌታዬ። እናቴ የምታምነው እናንተን ብቻ ነው። ፋብሪካው እስካሁን አስከሬን አላሳየንም፣ ዘበኛውም «እህቴ፣ ዝም ብትዪ ነው የሚሻልሽ» ብሎኛል። የውጭዎቹ ያሉትን ለእናቴ ብነግራት «የኛዎቹ የለም ብለዋል፣ አንቺ በወንድምሽ አታሟርቺ» ብላ በጥፊ አለችኝ፣ መትታኝ አታውቅም ነበር። ሸሚዙን አጥባ አስጥታለች፣ እራቱን ከድና ታስቀምጣለች፣ ሬዲዮውን ትከፍትና «ይኸው ዛሬም አላሉም፣ አላልኩሽም፣ ትርፍ ሰዓት ይዘውት ነው» ትለኛለች። እኛ ቤት ማልቀስ ክልክል ነው። እኔ በካውያው እንፋሎት ውስጥ ነው የማለቅሰው፣ ደንበኛ ሲመጣ ላብ ነው እላለሁ።

እና አንድ መስመር ነው የምለምንዎ፣ ከድመቷ ያጠረ ይሁን፣ ሞተዋል ብቻ በሉልን፣ እናቴ አልቅሳ ይውጣላት።

ከታላቅ አክብሮትና ከዚያም ከሚበልጥ ፍርሃት ጋር፣ ረጅም ዕድሜና የማይሰለች አድማጭ እየተመኘሁልዎ፣

ስሟን መጻፍ ያልደፈረች አድማጭዎ

ማስታወሻ፦ ይህን ማን እንደጻፈው ማጣራታችሁ አይቀርም ብለውኛል። ይሁን፣ ከሰፈራችን ያጣራችሁት የመጀመሪያው ነገር ይሆናል። ብቻ በሩን እናቴ ከከፈተች ከሬዲዮ ነው የመጣነው አትበሏት፣ ልጄ የት ነው ማለቷ አይቀርም፣ ያላችኋትን ሁሉ ደግሞ ታምናለች።