ያለ ምልክት ስለቆመችው መኪና

ለክቡር የመንገዳችን ኃላፊ
ባሉበት ቢሮ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎ፣ አንገትዎ፣ በተለይም ለእኛ ሲሉ በየመንገዱ የሚንገላቱት ኩላሊቶችዎ ደኅና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ አንዳችን በአንድ እጅ፣ ሌላዋ በግማሽ እንቅልፍ፣ ብቻ አለን። የእርስዎንም የቢሮዎንም ስም በአደባባይ ያልጠራሁት ከአክብሮት የተነሣ ነው። የቀረው ምክንያት ፍርሃት ነው፤ ይህንንም ልደብቅዎ አልፈልግም።

ወለላ ይታያል እባላለሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሙሽራ ልብስ አከራያለሁ። አንዲት ጥቁር ቢኤም መኪና አለችኝ። ስገዛት ሙሽሮችን እንድታመላልስልኝ ብዬ ነበር፤ እያደር ግን ሰርግ በሌለበት ቀን እንኳ እየተነሣሁ በሳሙና የማጥባት፣ ሞተሯን አስነሥቼ ኮፈኗ ላይ እጄን አስደግፌ ድምፅዋን የማዳምጥ ሰው ሆንሁ። በከተማችን እንደኔ የተለከፉ ሌሎች ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው የጨርቅ ነጋዴው ጋሽ አብዱረዛቅ ናቸው፤ የሳቸዋ ብርማ ቢኤም ከእኔዋ ጋር በአንድ ዓመት የተሠራች እኅቷ ናት፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ቀድሪያ «እኔ በላይዋ የገባሁ ሁለተኛ ሚስት ነኝ» እያሉ ይስቃሉ። ሌላው አበባው የሚባል የባንክ ሠራተኛ ነው። እሑድ እሑድ በመካኒካችን በእንዳላማው ጋራዥ ተሰብስበን የፍሬን ሸራ እናስለውጣለን፣ ካንዴላ እናስጠርጋለን፣ የማን ሞተር ጸጥ ብሎ እንደሚሠራ እንከራከራለን። የቴሌግራም ቡድናችንን «ዝቅ ያልን» ብለን ሰይመነዋል። መኪኖቻችን ከመሬት ብዙም ከፍ ስለማይሉ ነው እንጂ ክቡርነትዎ ሌላ ወርቅ እንዳይፈልጉበት አደራ እላለሁ።

አቤቱታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን፣ ለንባብ እንዲመችዎ በቁጥር አስቀምጨዋለሁ።

፩ኛ. በግንቦት መጀመሪያ ድምፅ ማጉያ የተጫነባት መኪናዎ ከተማውን እየዞረች ከማርቆስ ሉማሜ ያለው መንገድ ጥገናው ተጠናቆ ክፍት መሆኑን ስላበሠረችን ከልብ እናመሰግናለን። መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት እያየ ለኖረ ሰው «ክፍት» የሚለው ቃል እንዴት እንደሚጣፍጥ መቼም ያውቁታል። አበባውም ይህን ብሥራት ሰምቶ ነው የሰርጉን ቀን የቆረጠው፤ እጮኛው ወንጌላዊት የሉማሜ ልጅ ናትና። የእሱ መኪና ያን ሰሞን መለዋወጫ እየጠበቀች በእንዳላማው ግቢ በድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስለነበር ሙሽሮቹን እኔ በጥቁሯ ላመጣ፣ ጋሽ አብዱረዛቅም በብርማዋ ከኋላ ሊከተሉ ተስማማን።

፪ኛ. ጧት ስንሄድ መንገዱ ሰላም እንደነበር በእውነት እመሰክርልዎታለሁ። ከሰዓት በኋላ ሙሽሪትን ይዘን ስንመለስ ግን ዝናብ ያዘን፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ደግሞ ጉም ወረደብን። የሰርገኛው አውቶቡስ ቀድሞን ሄዷል። ቁልቁለቱን ስንጀምር ከፊቴ የሚታየኝ የራሴ ኮፈን ብቻ ሆነ፤ ስለዚህ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ፣ የጎማውን ድምፅ እያዳመጥሁ፣ ቀስ ብዬ እወርድ ነበር።

ለካስ እኛ ሉማሜ ምሳ ስንበላ ትጉሃን ሠራተኞችዎ መጥተው፣ የውኃ መውረጃ ቱቦ ለመቅበር አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር ቆፍረው፣ ዝናቡ ሲጠናባቸው አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደየቤታቸው ገብተው ኖሯል። ድንጋይ አልደረደሩም፤ ቅጠል አልጎዘጎዙም፤ አንድ ሰው እንኳ «ኧረ ቁሙ» የሚል አልተዉም። ጎማው ትልቅ የሆነው አውቶቡስ ተንገጫግጮ አልፎት ነበር። ተጠናቅቋል የተባለ መንገድ ስለሆነ ማስጠንቀቂያው ትርፍ ወጪ መስሎ ታይቷቸው ይሆናል።

የፊት ጎማዎቼ ቦዩ ውስጥ ተሰነቀሩ። ከእግሬ ሥር አጥንት ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ፤ የሞተሩን ዘይት የሚይዘው ኮፓ ተሰንጥቆ ዘይቱ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ሞተሩ ጠፋ፤ መብራቱም አብሮ ጠፋ። እንግዲህ ያስቡት፣ ጥቁር መኪና፣ ያለ መብራት፣ በጉም ውስጥ፣ ቁልቁለት ላይ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ሁለት ሙሽሮች።

ጋሽ አብዱረዛቅ ወደ ኋላ ቀረት ብለው ይነዱ ስለነበር መቆማችንን አይተው በደኅና ቆሙ። ቀኙ ገደል፣ ግራው ከለላ የሌለው ሰፊ ቦይ ነውና መኪና ገለል የሚደረግበት ቦታ አልነበረም። መስኮቴ ድረስ መጥተው ውስጡን ተመለከቱ፤ የእኔንም ፊት ተመለከቱ።

«ወለላ፣ ሰዎቹን አውጪ። መኪናዋን ተዪያት» አሉኝ።

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ከላይ ከዳገቱ የአይሱዙ ድምፅ መጣ። እኛ መኪና በድምፁ የምንለይ ሰዎች ነን፤ የተጫነ መሆኑን፣ መፍጠኑን፣ ማርሽም አለመቀነሱን ሦስታችንም በአንድ ጊዜ አወቅን። ጋሽ አብዱረዛቅ ብርማዋን አስነሥተው ወደ ደኅና ቦታ መመለስ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን የመኪናቸውን መብራት በሙሉ አብርተው፣ አራቱንም ፍሬቻ እያብለጨለጩ፣ እኛን ከልላ እንድትቆም እዚያው ተዉአት። ቀጥሎም የኋላ መስታወቴ ሥር ለመልሱ ቀን ያስቀመጥሁትን የሙሽሪት ቀይ ከፋይ ካባ መዝዘው፣ እያውለበለቡ ዳገቱን ወደ ላይ ሮጡ። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው።

እኔስ? እኔ ክቡር ሆይ፣ መሪውን ጨብጬ ቁጭ ብያለሁ። ውጪ ይሉኛል፣ እሰማለሁ፤ በሩም ተከፍቷል፣ አያለሁ። ጣቶቼ ግን የእኔ መሆናቸው ቀርቷል። አበባው ትከሻዬን ይጎትታል። ያን ጊዜ ሙሽሪት ቬሎዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ በፊት ለፊቱ በር ዞራ ገባችና ጣቶቼን ከመሪው ላይ አንድ በአንድ ትከፍት ጀመር።

«እትዬ ወለላ፣ ይልቀቁት፤ እኔ ይዤዎታለሁ» አለችኝ።

ለቀቅሁት። በመንገዱ ግራ ያለውን ቦይ ተሻግረን የታረሰ ማሳ ውስጥ ገብተን ከጭቃው ላይ ወደቅን። ከዚያ የፍሬን ጩኸት፣ ከዚያ ብረት በብረት ላይ ሲወጣ፣ ከዚያ የመስታወት መርገፍ። አይሱዙው ብርማዋን ገጭቶ፣ እየገፋ አምጥቶ፣ ከእኔዋ የኋላ ፓራውልት ጋር አላትሟት ቆመ። እሷ መሀል ባትኖር የምትደቅቀው የእኔዋ ነበረች።

ቀጥሎ የመጣው ጸጥታ ነው እስከ ዛሬ እንቅልፍ የነሣኝ። ሾፌሩ ወርዶ ጎማው ሥር ተቀመጠና፣ ቀይ ነገር አየሁ፣ ፍሬን ያዝሁ፣ መንገዱ አንሸራተተኝ ይላል፤ ቀዩን ነገር ስለያዘው ሰው ስንጠይቀው ግን አንገቱን ይነቀንቃል። ጋሽ አብዱረዛቅ ብለን ተጣራን። መልስ የለም። ጉሙ ውስጥ እየተደናበርን ዳገቱን ወጣን፤ እኔ ለወይዘሮ ቀድሪያ ምን ብዬ እንደምነግራቸው በልቤ ቃላት መፈለግ ጀምሬ ነበር። ያገኘናቸው ከመንገዱ ዳር ባለው ቦይ ውስጥ፣ ውኃው ደረታቸው ደርሶ፣ ክንዳቸው ተሰብሮ፣ ካባውን በደኅናው እጃቸው እንደያዙ ነው። አይሱዙው አጠገባቸው ሲደርስ ዘለው ነው የገቡት።

መጀመሪያ የጠየቁት ሙሽሮቹን ነው። ደኅና ናቸው አልን። ቀጥለውም፣

«የተሰባበረችው የማንኛችን ናት?» አሉ።

«የእርስዎ ናት፣ ጋሼ» አልኋቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። የአሥራ ሁለት ዓመት ድካማቸውን ነው እንዲህ በአንድ ቃል የሸኙት።

ስልክ አይሠራም ነበር። በሌላው ወገን ቦዩን በቀስታ እየተሻገሩ ያለፉት ከፍ ያሉ መኪኖችም አልቆሙልንም፤ በዚህ ዘመን መንገድ ላይ ለቆመ ሰው መቆም ቀላል እንዳልሆነ ስለማውቅ አልፈርድባቸውም። ሙሽሪት በረጠበ ቬሎ እየተንቀጠቀጠች፣ አበባው ከገደሉ ማዶ ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር እየደነገጠ፣ እኔ የጋሽ አብዱረዛቅን ክንድ በሻርፔ አስሬ፣ ሰዓት እላፊውን እያሰብን ቆየን። በመጨረሻ የሰርገኛው አውቶቡስ መቅረታችንን አይቶ ተመለሰልን። ወንጌላዊት አማቾቿ ቤት የገባችው እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ነው፤ እልልታው ግን አልቀረባትም።

፫ኛ. ቢሮዎ ለአደጋው የሰጠው ፈጣን ምላሽ እጅግ አስደንቆናል። ጋሽ አብዱረዛቅ ክንዳቸው በጀሶ እንደታሰረ ተጠርተው የተከሰሱበትን ጥፋት ሰሙ፤ «ተሽከርካሪን በመንገድ መካከል ያለ ማስጠንቀቂያ ምልክት ማቆም»። በሚገባ የተዘጋጀች ባለሦስት ማዕዘን ምልክት ከኋላ አለማስቀመጣቸው ተረጋግጧል። በእርግጥም አላስቀመጡም፤ በምትኩ ራሳቸውን ነው ያስቀመጡት። እኔም አብሬ ሄጄ ነበርና ቦዩስ ምልክት ነበረው ወይ ብዬ በትሕትና ጠየቅሁ። የሚመለከታቸው ባለሙያዎ፣ ቦይ ተሽከርካሪ ስላልሆነ ደንቡ እንደማይመለከተው አስረዱኝ። ትምህርቱን ስላገኘሁ አመሰግናለሁ፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ቦይና መኪና መለየት የማልችል ሴት ነበርሁ። አያይዘውም እንደኛ ያሉ ዝቅ ያሉ መኪኖች ለአካባቢው መንገድ ተስማሚ እንዳልሆኑ መክረውናል። ምክሩን ለጓደኞቼ አደርሳለሁ፤ አይሱዙው ከፍ ያለ መኪና መሆኑን ግን እግረ መንገዴን ባስታውስ ድፍረት እንዳይሆንብኝ።

፬ኛ. እንዳላማው ሁለቱን መኪኖች አስጎትቶ ጋራዡ አስገባቸው። የብርማዋን ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞረና እጁን ጠርጎ ቁጭ አለ፤ የምትነሣ አልሆነችም። ለእኔዋ ደግሞ ኮፓ ብናፈላልግ አዲስ አበባም ጠፋ። በሚቀጥለው እሑድ ጋሽ አብዱረዛቅ መጡና፣ የሳቸዋ ኮፓ ደኅና ስለሆነ ተፈትቶ ለእኔዋ ይግባ አሉ። እንቢ አልሁ። እንዳላማውም መፍቻውን ይዞ ቆመ፣ ደፍሮ መጀመር አልቻለም። ጋሽ አብዱረዛቅ በደኅናው እጃቸው መፍቻውን ተቀብለው ከመኪናቸው ሥር ሊተኙ ሲሉ ነው ተሽቀዳድመን የወሰድንባቸው። አሁን ጥቁሯ በእኅቷ ኮፓ ትሠራለች። እሑድ እሑድ እሳቸው ይመጣሉ፤ ሞተሬን አስነሥቼ አስደምጣቸዋለሁ፤ ኮፈኗን ዳሰስ አድርገው ይሄዳሉ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ እፈራለሁ። ከከተማ ውጭ ያለ ሰርግ መቀበል ትቻለሁ። አስፋልት ላይ የወደቀ ጥላ ባየሁ ቁጥር ፍሬን እይዛለሁ፤ ከኋላዬ ያሉት ክላክስ ይነፉብኛል፤ የጭነት መኪና ማርሽ ሲቀይር ቤቴ ተኝቼ ከሰማሁ እጄ አንሶላውን ይጨብጣል። ክረምቱ ገብቷል፣ ጉሙም ከእንግዲህ የዕለት እንግዳችን ነው፣ ቦዩ ግን እንደተከፈተ ነው። ባለፈው ሳምንት አበባውና እኔ ድንጋይ ነጭ ቀለም ቀብተን በቦዩ ግራና ቀኝ ደርድረን መጥተን ነበር። በሁለተኛው ቀን ሠራተኞችዎ ደርሰው «ያልተፈቀደ ምልክት» ነው በማለት አንሥተውታል። ያን ያህል ርቀት የሚያስመጣቸው ነገር መኖሩን በማወቃችን ተጽናንተናል። የምንለምንዎ ቦዩ እንዲሞላ ነው፤ እሱ ከከበደ ድንጋዮቻችን ይመለሱልን፤ እሱም ከከበደ አንድ ሰው ይቁምበት፤ እኛ ተራ ገብተን ለመቆም ፈቃደኞች ነን።

በረጅም ዕድሜ፣ በደልዳላ መንገድና በጠራ ሰማይ ያኑርልኝ እያልሁ፣ እግርዎ በሚረግጥበት ሁሉ ቀድሞ የሚያይልዎ ሰው እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ባርኔጣ ባይኖረኝም ነጠላዬን አውርጄ እሰናበትዎታለሁ።

ሁልጊዜም ከታች ሆና የምታከብርዎ፣
ወለላ ይታያል
ከደብረ ማርቆስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ልለጥፍ ስል አበባው ከሉማሜ ሲመለስ አንድ ወሬ ነገረኝ። ሠራተኞችዎ ትናንት አሸዋና አስፋልት ጭነው ሄደው ቦዩን ሲሞሉ ውለዋል፤ ክቡርነትዎ ነገ ለስብሰባ በዚያ በኩል ያልፋሉ ተብሎ ነው አሉ። እንኳን ደስ ያለዎ። የሞሉት ግን ከማርቆስ የሚወጣውን ወገን ብቻ ነው፤ የመመለሻው ወገን እንደነበረ ነው። እኔ፣ እርስዎ ሄደው እስኪመለሱ ድረስ፣ አልተኛም።