የፎገራ ሰው በምጽዋ ባሕር

ምጽዋ፣ መጋቢት ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ወንድሜ ማረው፣ ፎገራን እንዴት ይዘሃታል?

የኢየሩሳሌም ተሳላሚዎች መሪ አለቃ ገብረ ኪዳን «እርስዎ አርጅተዋል፤ መርከብ አይችሉም፤ ከዚሁ ይመለሱ» ብለውኝ ነበር። «ክረምት በመጣ ቁጥር ደጄ ባሕር የሚሆን የፎገራ ሰው ነኝ፤ ይፈትኑኝ!» አልሁ። ዛሬ ለልምምድ ሁላችንንም በጀልባ አወጡን። ደገኛው ሁሉ ሲያስመልስ እኔ ቆሎዬን ቆረጠምሁ። አለቃም ክንዴን ጨምድደው ይዘው «አባቴ፣ መርከቡ ላይ ከአጠገቤ እንዳይርቁ» አሉ!

ባሕሩ ከነሐሴ ፎገራ ይሰፋል፤ ግን ጨው ነው፣ ከብት አይጠጣውም። ምን ያደርጋል!

ባለቤቴን ገላነሽን «አልተመለሰም፣ ይሳፈራል» በላት። ስማችሁን ከኢየሩሳሌም መቅደስ ደጅ እጠራለሁ። ቄስ አዛናው ሲያነቡልህ ፊደሉ ቢንጋደድ አይቆጡ፤ የሚጽፍልኝ ደብተራ ከጀልባው ወርዶም ገና ያዞረዋል።

ያው አያልነህ