ባቱ ላይ የተሰቀለው የእናትህ ገሊም

ውድ ፈሪድ፣

«ውድ» ያልኩህ ሌላ መጀመሪያ አጥቼ ነው። በትዳራችን ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም፤ አንድ ቤት እየኖሩ ማን ይጻጻፋል? አሁን ግን ስልኬን አታነሳም። አዲስ አበባ ሱቅህ ድረስ ስመጣም «የለም» በሏት ትላለህ። ስለዚህ ጻፍኩ።

የጓደኛዬ የጂቱ እህት ሠርግ ባቱ እንደነበር ታውቃለህ። በማግስቱ ጂቱ «ነይ፣ ሐይቁን እያየን ምሳ እንብላ» ብላ አንድ ሎጅ ወሰደችኝ። ምግብ ቤቱ ስንገባ፣ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ፣ ከመብራት ሥር፣ እናትህ የሸመኑት ገሊም፣ ያ የሱፍ ምንጣፍ፣ ተሰቅሏል። አጠገቡ በተለጠፈች ሰሌዳ ላይ «የፋርስ ዘላን ሴቶች የሸመኑት፤ ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ» ይላል።

አንተ እኮ አይጥ በላው ብለኸኝ ነበር። አምኜህ አልቅሻለሁ።

ጂቱ ፊቴን አይታ «ምነው ሀኒያ፣ አመመሽ?» አለችኝ። እጄን ሰድጄ የታችኛውን ጠርዝ ዳበስኩት። እሱው ነው።

እንዴት እንደተሠራ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። አባትህ ጋሽ አብዱልሃኪም የጅቡቲን መስመር ሲነዱ ከአንድ ኢራናዊ መርከበኛ የገዙት አሮጌ ገሊም ቤታችሁ ነበር፤ ስስ፣ ፀጉር የሌለው፣ በሁለቱም ፊቱ የሚነጠፍ የሱፍ ምንጣፍ። የሸመነችው የመርከበኛው አያት ናት። ዘላኖች ናቸው አሉ። ከበጎቻቸው ጋር ስለሚጓዙ ድሩን መሬት ላይ በችካል ይወጥሩታል፤ ጉዞ ሲመጣ ችካሉን ነቅለው፣ ያላለቀውን ጠቅልለው ይጭኑታል፤ የሚያርፉበት ቦታ ደግሞ እንደገና ይተክሉታል። ለዚህ ነው ጠርዙ ቀጥ የማይለው። ቀዩም መሐል ላይ የሚለወጠው በሌላ ውሃ፣ በሌላ ቅጠል ስለሚነከር ነው።

እናትህ እማማ ፋዲላ ወሎ እያሉ አባታቸው ባና ሲሠሩ ሱፍ እየፈተሉ ያደጉ ሴት ናቸው። አዳማ ከገቡ ወዲህ ግን እንዝርት ነክተው አያውቁም። አንተ ሱቅ ስትውል እኛ ሁለታችን ብቻ ነበር ቤት የምንቀረው። አንድ ቀን ገሊሙን ገለባብጠው አዩና፣ «ሀኒያ፣ ይቺ ሴትዮ እኮ እንደኔው መሬት ቁጭ ብላ ነው የሠራችው። እኛን ምን ያቅተናል?» አሉኝ። ከአርሲ የመጣ ሱፍ ገዛን። ቢጫውን በሽንኩርት ልጣጭ፣ ቀዩን በእንሶስላ ነከርን። ግቢው ውስጥ ችካል ተከልን። ሁለት ቀለም ሲገናኝ መሐሉ ስንጥቅ እንደሚቀር፣ ስንጥቁ ሲረዝም ደግሞ ምንጣፉ እንደሚላላ ያወቅነው እያበላሸን፣ እየፈታን ነው። ጎረቤት ይስቅብን ነበር። አንተም ትስቅ ነበር፤ ያኔ ሳቅህ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ በሽታው መጣ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ይተዉት፣ ይረፉ» ስላቸው፣ «አልጋ ላይ ተጋድሜ ሞቴን ልጠብቅ?» ይሉኛል። የመጨረሻውን ክንድ ያህል የሸመኑት እኔ ከጀርባቸው ደግፌያቸው ነው። ማጉ ይጣመማል፣ ቀለሙ ከመስመሩ ይወጣል። ልፈታው ስል እጄን ያዙኝ።

«ተይው፤ እጄ ነው። እኔ ሳልፍ አንቺ ትሰግጂበታለሽ።»

አንተም በሩ ላይ ቆመህ ሰምተሃል።

ከባቱ ስደውልልህ ገና ስልኬን ታነሳ ነበር።

«እናትህን ሸጥካቸው» አልኩህ።

«ምንጣፍ ነው የሸጥኩት።»

«መቶ ዓመት ብለህ?»

«ሀኒያ፣ የአዳማ ሴት ሠራችው ብል ማን ዞር ብሎ ያየዋል? እግር መጥረጊያ ነበር የሚያደርጉት። የሞተች የፋርስ ሴት ሠራችው ስላቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ይሄ ክብር አይደለም?»

«እሳቸውም እኮ ሞተዋል» አልኩህ።

ቀጥለህ የተናገርከውን እስከዛሬ አልረሳሁትም። «ለነገሩ ያሸጠው ያ ጠማማው ጫፍ ነው። አዋቂ አስመጥተው አሳዩት፤ ይሄማ የዘላን እጅ ነው አለ።» ድምፅህ ውስጥ ኩራት ነበረበት። አሮጌ እንዲመስል ጨው ውሃ ውስጥ ነክረህ፣ ፀሐይ ላይ አድርቀህ፣ አስፋልት ላይ አንጥፈህ መኪና እንዳስነዳህበት ደግሞ ሠራተኛህ ኑሬ ነገረኝ።

የሎጁ ባለቤት ኦቦ ሰንበታ ጨዋ ሰው ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ «ቆይ፣ ልደውልለት» ብለው ወጡ። ሲመለሱ ፊታቸው ተለውጧል፤ ተቆጥተው መስሎኝ ነበር፣ ለካ አዝነውልኝ ነው። ለስላሳ አስመጡልኝ።

«አይዞሽ ልጄ፣ ባልሽ ነግሮኛል። እናቱ ካረፉ ወዲህ አእምሮሽ ልክ እንዳልሆነ ነገረኝ። ሐዘን እንዲህ ያደርጋል።»

ለጂቱም ቀስ ብለው «ብቻዋን አትተያት» አሏት። ጂቱ ለአፍታ ቀና ብላ አየችኝ። ያቺ አስተያየት እስካሁን ከደረቴ አልወጣችም።

መሸጥህን ምናልባት እችለው ነበር። ግን አፌንም አብረህ ወሰድከው፤ ከእንግዲህ ምን ብል ማን ያምነኛል?

ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። ልጣላ አልነበረም። ገሊሙ ሥር ተቀምጬ ለእናትህ ፋቲሃ ቀራሁላቸው። አንዲት ሴት ከልጆቿ ጋር መጥታ ስልኳን አወጣች።

«ይቅርታ እህቴ፣ ፎቶው ውስጥ እየገባሽ ነው። ትንሽ ፈቀቅ ትይልኛለሽ?»

ተነስቼ ፈቀቅ አልኩላት። «መቶ ዓመት! እጃቸው ይገርማል!» ትላለች ለልጆቿ።

ፈሪድ፣ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ፍቺ ጠይቄ አመልክቻለሁ። ቀጠሮው ሐሙስ ጠዋት ነው። ዳኛው ምክንያቱን ሲጠይቁኝ እናገራለሁ፤ አንተም ከፈለግህ ለኦቦ ሰንበታ ያልካቸውን እዚያው ፊቴ ቆመህ ድገመው። ልብስህን ጠቅልዬ እህትህ ሱሃይላ ቤት አድርሻለሁ። እውነቱን ስነግራት አለቀሰች እንጂ አእምሮሽ ልክ አይደለም አላለችኝም።

የእናትህንም መቃብር ድንጋይ ትናንት አስተከልኩ። ቀራጩ «ከስማቸው ሥር ምን ልጻፍ?» አለኝ።

«ሸማኔ» አልኩት።

«ሴት ሸማኔ?»

«አዎ፤ ጻፍ።»

ጻፈ።

ሀኒያ
አዳማ