የዱባ ሻኛ

…አባባ ቢላዋቸውን በሞረዱ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲያደርጉት ድምፁ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሰን ነበር፤ አንቺ ብርድ ልብሱን ጆሮሽ ላይ ትጎትቻለሽ፣ እኔ ደግሞ… ከዚያ ወዲያ ያለው ጠፍቶኛል፣ እትዬ። ብቻ ዛሬ ጠዋት ያንኑ ድምፅ ሰምቼ ከአልጋዬ ዘልዬ ወረድኩ። አባባ ወጥ ቤት ቆመው ቢላዋ ይስላሉ። ለዱባ።

ሰላምታ ማስቀደም ሲገባኝ ወሬ አስቀደምኩ፤ ድካም ሥርዓት ያስረሳል። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ያ ወገብሽ ተሻለው? ባለቤትሽስ? ልጆቹስ? ብርዱን እንዴት አደረጋችሁት? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ቆሜ እሄዳለሁ ማለቴ ነው። ማተሚያ ቤት የበዓል ካርድ ስንቆርጥ ሰንብተን፣ የወረቀት መቁረጫው መኪና አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ይቆርጣል።

አባባ ሥጋ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ከወደቁ ወዲህ ሐኪሙ ያለውን በስልክ ነግሬሻለሁ። ጨው የለ፣ ጮማ የለ፣ ቅቤ የለ። ሁለተኛ ከወደቁ መነሳታቸውን እንጃ አለ፤ እሳቸው እዚያው አጠገቤ ተቀምጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሮዬ ከመኝታ ቤታቸው ግድግዳ አይነሳም። ሲያስሉ እሰማለሁ። ሳያስሉ ሲቀሩ ይበልጥ እሰማለሁ።

እማማ ካረፉ ወዲህ ወጥ ቤቱ የኔ ነው። ለበዓሉ ቀይ ሥር ቀቅዬ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት አሸሁት፤ ቆስጣውን ለብ ለብ አደረግሁት፤ ካሮቱን ስፈቀፍቅ የጣቴን ቆዳ አብሬ ፈቀፈቅሁ። ፓፓያና ብርቱካን ከታትፌ በትልቁ ሳህን ደረደርኩ። ሎሚ የጨውን ቦታ ይሸፍናል ያልሽኝን ለአባባ ብነግራቸው፣ ሎሚ ምስክር ቢሆን እንጂ ዳኛ አይሆንም አሉ። ቀጥለውም፣ ዕድሜ ልካቸውን ከብት ሲያርዱ ኖረው በስተርጅና ከብት የሚበላውን ሊበሉ መሆኑን ለግድግዳው ነገሩት። ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ዱባው ነው ያስቸገረኝ። ትናንት ልከፍለው ስታገል ቢላዋዬ መሃሉ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። አባባ አይተው ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ። ጠዋት ግን የድሮ ሽርጣቸውን አጥልቀው አገኘኋቸው። ግራ እጃቸው ከወደቁ ወዲህ አይታዘዝም፤ ዱባውን በክርናቸው ደግፈው፣ እንደ ወይፈን ጀርባ መታ መታ አድርገው፣ ያለ ጉልበት ቢላዋውን አስገቡበት።

«ይሄ ሻኛው ነው» አሉኝ፣ እንደ በሬ ሥጋ እየበለቱት። «ይሄ ዳቢቱ። ይቺን ለጎረቤት አስቀምጣት፤ ለሰው አጥንት አይሰጥም።»

ሻኛውን በሽንኩርትና በዝንጅብል አበሰልኩት። እውነቴን ነው፣ እትዬ፣ ጣፈጠ። ጨው እንደሌለው ረሳሁት። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን መጥታ ደጋግማ ጨለፈች፤ እንዲህ የሚያበስል ወንድ ሳያገባ መቅረቱ ግፍ ነው አለች። አባባ ደግሞ፣ ቤቱ የጎመን ማሳ ሆኖ ማን ደፍሮ ይገባል ብለው አሳቋት። ትንሽ ጊዜ፣ ትከሻዬ ላይ የነበረው ነገር ወረደ። የብርቱካኑን ቁራጭ ከልጣጩ እያላቀቅን፣ ልጣጩ ጣታችን ላይ እየሸተተ፣ ሦስታችንም በላን።

አባባም ሳህናቸውን ጠርገው በሉ። ከዚያ «እጅህ ይባረክ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ።

ይህችን ነገር ልጽፍልሽ ነው ወረቀት ያነሳሁት። በኔ ወጥ ሰድበውኝ እንጂ አመስግነውኝ አያውቁም። ሲሰድቡኝ ነገ እንደገና እንደሚበሉ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ሰው ቤት በልቶ እንደሚነሳ እንግዳ መረቁኝ። ምን ማለታቸው ነው? ምናልባት ምንም። ምናልባት ጣፍጧቸው ይሆናል። ደክሞኝ ክፉ ክፉውን እያሰብኩ ይሆናል።

ጎረቤት ሥጋ እየተጠበሰ ነው። ሽታው በመስኮት ይገባል። ብዘጋው ምን እንደፈራሁ ይገባቸዋል፤ አልዘጋሁትም።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ በስልክ ላቀበለኝ ምክር ሁሉ አመሰግናለሁ በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን ግንባሯን ሳሚልኝ፣ አጎትሽ ካሮት መፈቅፈቅ ተምሯል በያት። ትንሹን ጉንጩን ቆንጥጪልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ።

ከቤት፣ በበዓሉ ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ፖስታውን ሳላሽግ፦ አባባ ከመኝታ ቤት ወጡ። ኮታቸውን ደርበዋል። ወዴት ነው ብላቸው፣ እግሬን ላፍታታ ነው አሉ። አብሬዎት ልምጣ አልኩ።

«አንተ ደብዳቤህን ጨርስ» አሉኝ። «እህትህን ሰላም በልልኝ። አባትሽ ጠግቧል በላት።»

ሰላም ብለውሻል። ጠግበዋል።

በሩ ተዘጋ፤ እርምጃቸው ሥጋው ወደሚሸትበት በኩል ሄደ።