ከዱዓው የረዘመው አሚን

ሰይዴ፣

አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። የጨፋው ማሽላ ዘንድሮ ደህና ይዞ ነበር፤ ግማሹን ወፍ በላው፣ ለቀረው ደግሞ መንገዱ ተዘግቶ ገዢ ጠፋ። ጥይት የበሳውን ጣሪያ በፕላስቲክ ደፈንኩት፤ ዝናቡ አሁን በሌላ በኩል ይገባል። እኔም አስተምራለሁ፣ ተማሪ ሲኖር።

የልጃችንን ነገር ልንገርህ። ከማል ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ በጅቡቲ በኩል ወጣ። ባሕሩን ልሻገር ነው ብሎ ደወለልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ስልኬን ከእጄ አልለይም። ከሁሉ የከፋው የኔ ድካም ነው። ስለ ሶብር፣ ስለ ትዕግሥት የተጻፈ ያላነበብኩት የለም፤ ሶብሩን ግን አላገኘሁበትም። ዱዓ እንኳ ከአፌ አልወጣ አለኝ።

ባለፈው ሐሙስ ጎረቤታችን ዘሀራ ለከማል ብላ የሴቶች ወዳጃ ጠራች፣ ተሰብስበን ዱዓ ልናደርግ። የሰይድ ሚስት እያለች ማን ዱዓ ይጀምራል ተባለ፤ ዱዓ በኒካህ የሚተላለፍ ይመስል። ያኔ ያንተ ዱዓ ትዝ አለኝ። አዛኙ፣ ሲሳይ ሰጪው፣ ታጋሹ እያልክ የአላህን ስሞች በአማርኛ ትጨርስና በኦሮምኛ እንደገና ከመጀመሪያው ትነሳለህ፤ ጫቱ ያልቃል፣ ሽማግሌዎቹ ያንቀላፋሉ። እሱ የሚያውቀውን ስሙን ለምን ትነግረዋለህ ብዬ ብቀልድብህ፣ «ለሱ መች ሆነ፤ እኔ እንዳልረሳው ነው እንጂ» አልከኝ።

እኔ አንዱን ብቻ አስታወስኩ። «ያ ሰቡር፣ አንተ ታጋሹ፣ የኔ ትዕግሥት አልቋል፤ ያንተ አያልቅም» አልኩ። ሌላ አልመጣልኝም። ሴቶቹ ቀጣዩን ጠበቁ፣ ጠበቁ፤ ሲያጡ አሚን አሉ። ደግመው አሚን። አሚኑ ከዱዓው ረዘመ። ዘሀራ አለቀሰች፤ እኔ ቤቴ ገብቼ ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስልኩ አልጮኸም፤ ጮኸ ብዬ አልዋሽህም። እኔ ስዝል የማይዝል እንዳለ ማወቄ ከማልን አላመጣልኝም። ጠዋት አስነስቶ ትምህርት ቤት ግን ያደርሰኛል።

እንግዲህ በየሐሙሱ የአላህን ስም እጠራለሁ፣ ከዚያ የልጃችንን፣ ከዚያ ያንተን። ሰይዴ፣ ሰይዴ የምልህ አንተ ስምህን ረስተኸው አይደለም።

ፋጡማህ