ለሟቿ አያቴ ስለላኩላት የልደት እራት

ለክቡር አቶ ግራንት ዌዘርቢ
የኮፐር ፔሊካን ካዚኖ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ሪኖ፣ ኔቫዳ

ጉዳዩ፦ አያቴ ሌባ ስላለመሆኑ

አይደለም፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ። አያቴ ሌባ አይደለም። እኔም ትምህርት ያቋረጥኩት፣ ለጥበቃ ሹምዎ እንደነገሩት፣ ጭንቅላቴ ስለማይሠራ አይደለም፤ የቢሮዎ በር ስስ ነው፣ ያሳድሱት። ሰላምታ መቅደም እንዳለበት አውቃለሁ፣ ንዴቴ ቀደመኝ እንጂ። አሁን ላቅርብ፦ ለመሆኑ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ከመግቢያው ፊት ለፊት ሌላ መኪና በማይቆምበት ቦታ የሚቆመው ነጭ መኪናዎ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን፤ አያቴ ከሐሙስ ወዲህ እህል አልቀምስም ከማለቱ በስተቀር።

የዚህን ደብዳቤ አንዱን ቅጂ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ስለምለጥፈው፣ ልብሱ እስኪደርቅ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ጎረቤት ግራ እንዳይገባው ከሥሩ ልጀምር። እርስዎ የሚያውቁትን ስደግም ይታገሱኝ፤ መቼስ ትዕግሥትዎን ሐሙስ ዕለት አይተናል።

አያቴ ሜርል ሃስኬት ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሚስቱ ኦፓል ነበረች፣ ሴት አያቴ። ሁለቱም ቁማርተኞች አልነበሩም፤ ወደ እናንተ ቁማር ቤት የሚመጡት ለምሳ ነው። አሠራሩን ያወጣችሁት እናንተው ናችሁ፦ የደንበኝነት ካርድህን ማሽኑ ውስጥ ክተት፣ ተጫወት፣ ነጥብህ ሲሞላ ቡፌ በነጻ ብላ። እነሱም እሺ አሉና ሽንት ቤቱ አጠገብ ያሉትን፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸውን፣ በአምስት ሳንቲም የሚሠሩትን አሮጌ የፖከር ቁማር ማሽኖች መረጡ። ኦፓል ሕግ ነበራት፦ አንዴ ተጭኖ ወሬ፣ አንዴ ተጭኖ ወሬ። ሜርል ከፈጠነ እጁን ቸብ ታደርገዋለች።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ያጣድፍሃል? ምሳው እግር የለው።"

"ኬኩ ያልቃል ብዬ ነዋ።"

"ቢያልቅ ይሻልሃል፣ ስኳርህ ጣሪያ ነክቷል።"

እንዲህ እንዲህ እያሉ፣ ኪሳቸው ከገቡበት ብዙ ሳይቀንስ፣ ሆዳቸው ሞልቶ ይወጣሉ። እናንተ ይህን የሚሠራ ሰው ስትጠሩበት የምትወዱት ቃል አላችሁ፣ "ታማኝ ደንበኛ"። ካርዳቸው ላይም በወርቅማ ቀለም ተጽፎ ነበር፤ ከመቀሱ በፊት።

ኦፓል በፋሲካ ሰሞን ሞተች። አያቴ ለረጅም ጊዜ ከቤት አልወጣም። አንድ ቀን ግን ተነሥቶ "ነይ፣ ምሳ እንብላ" አለኝና ሄድን። እኔ ለቁማር ዕድሜዬ ስላልደረሰ ማሽኖቹ ያሉበትን ምንጣፍ መርገጥ አይፈቀድልኝም፤ የድንጋይ መተላለፊያው ላይ እንደ ዕቃ ቆሜ ነው የምጠብቀው። እሱ የራሱን ካርድ በራሱ ማሽን ከተተ። ኮፍያውን አውልቆ የኦፓል ወንበር ላይ አስቀመጠ። ከዚያ የሷን ካርድ ከኪሱ አውጥቶ በሷ ማሽን ከተተው፤ ማሽኑም "እንኳን ደህና መጣሽ፣ ኦፓል" ብሎ ጻፈ። ቁማር ማሽን ላይ አፍጥጦ ፈገግ የሚል ሽማግሌ አይቼ አውቃለሁ። ምንም ሳያሸንፍ ፈገግ ያለ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም እንደ ድሮው ሆነ። አንዴ የራሱን ይጫናል፣ አንዴ የሷን፣ በመሃል ያወራል። ለማን እንደሚያወራ አልጠየቅኩትም። ነጥቡ ሲሞላ ሁለት ሳህን ያነሣል፤ በአንዱ የራሱን፣ በሌላው እሷ የምትወደውን ሽሪምፕ የሚሉትን የባሕር ጥብስና የኮክ ኬክ ሞልቶ ፊት ለፊቱ ያኖረዋል። ሲቀዘቅዝ ወደ እኔ ገፋ ያደርገውና "ብይላት" ይለኛል። እኔም እበላላታለሁ። ሌባ የግድ ካስፈለጋችሁ እንግዲህ ሽሪምፑ እኔ ሆድ ውስጥ ነው ያለው፤ ጎማ መሆኑን ግን ለወጥ ቤት ሹምዎ ይንገሩልኝ።

ቅሬታዎቼን፣ ትምህርት ቤት በቆየሁባት ጊዜ እንዳስተማሩኝ፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ባለፈው ሳምንት ለኦፓል ኩፖን ላኩላት። "ውድ ኦፓል፣ ናፍቀሽናል። በልደትሽ ቀን ከምትወጂው ሰው ጋር የጎድን ጥብስ እራት በእኛ ግብዣ" ይላል፤ ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ አለ። ቀብሯ ላይ ከተናገሩት ሁሉ እንዲህ አሳምሮ የተናገረ አልነበረም፣ ቄሱም ጭምር። ከልብ አመሰግናለሁ። ችግሩ አያቴ አመነዎት።

ሁለተኛ። ያመነ ሰው ምን ያደርጋል? ሸሚዙን ተኩሶ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ጠረጴዛ ለማስያዝ ካርድ ክፍል ሄደ። ባንኮኒው ላይ ሻርሊን ነበረች። ሻርሊንን እነሱ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩዋት፤ ስትወልድ ኦፓል ለሕፃኑ ሹራብ ሠርታለታለች። ሌላ ሰው ቢሆን ሚስቴ አሟታል፣ ታክሲ ውስጥ ናት፣ አንድ ነገር ይላል። አያቴ ግን ለሻርሊን መዋሸት አልመጣለትም።

"ጋሼ ሜርል፣ ኦፓልስ? ጠፋች እኮ" አለችው።

"ሞተች እኮ፣ ሻርሊን። ፋሲካ ሰሞን።"

"ውይ፣ እግዜር ያጥናህ። ታዲያ ይሄ ካርድ ትናንት ሲሠራ..."

"እኔ ነኝ ካርዷን የምከትላት። ስሟን እንዲል ብዬ ነው።"

ሻርሊን "ምነው ባልነገርከኝ ኖሮ ጋሼ" አለችና ጥበቃ ልትጠራ ስልኩን አነሣች። በሷ አልፈርድም። ካሜራችሁ ከአናቷ በላይ ነው የተሰቀለው፣ እሷም ልጅ አላት።

ሦስተኛ። የጥበቃ ሹምዎ አያቴን ቢሮዎ አስገብቶ እንደ ወንበዴ ከፊትም ከጎንም ፎቶ አነሣው። እኔ በምንጣፋችሁ ላይ እየሮጥኩ ደረስኩ፤ ለምንጣፉ ይቅርታ። ሁለቱን ካርዶች ሊቆርጥ መቀስ ሲያወጣ አያቴ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"የኔን ቁረጠው ልጄ። የሷን ስጠኝና ልሂድ።"

"የካዚኖው ንብረት ነው፣ አባት" አለና ቆረጠው። ከእንግዲህ በዚህ በር ብቅ ካልክ ፖሊስ ነው የምንጠራው ተባለ። እርስዎ ደግሞ ከወንበርዎ ሳይነሡ "ለሞተ ሰው ምግብ አንሰጥም" አሉ። "የሞተ ሰው ገንዘብ ግን ትበላላችሁ" ያልኩት እኔ ነኝ። "ይቺን ልጅ አውጡልኝ" ያሉት ደግሞ እርስዎ ነዎት። መልስ ስላላገኘሁ እደግመዋለሁ፦ ከፋሲካ ወዲህ የኦፓል ማሽን ውስጥ ሳንቲም ሲገባ፣ ማሽንዎ አንድ ቀን እንኳ "ይቅርታ፣ የካርዱ ባለቤት አርፋለች" ብሎ መልሶ ተፍቶታል? ስትከስር በሕይወት አለች፣ ስትበላ ሞታለች። ይህን ሒሳብ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ቢኖር ኖሮ አላቋርጥም ነበር።

አራተኛ። ቡናችሁ ቀጭን ነው። ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም፣ ግን ሁልጊዜ ልናገረው እፈልግ ነበር።

በሌላ ሰው ካርድ መጫወት ክልክል መሆኑን ከካርዱ ጀርባ ጽፋችኋል፤ አልክድም። በጉንዳን እግር ነው የጻፋችሁት፣ አያቴ ደግሞ መነጽሩን የሚያደርገው ለልደት ካርድ ብቻ ነው፤ ቢሆንም ሕግ ሕግ ነው፣ ተላልፏል። ሌባ ግን የሰው ነገር የሚወስድ ነው። አያቴ ከእናንተ ቤት ሲወስድ የኖረው የሚስቱን ስም ነው። የሷ ስም የእናንተ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

አሁን ወደ ዛሬ ልምጣ። ዛሬ የኦፓል ልደት ነው። ኩፖኑ ከዛሬ ሌላ ቀን አይሠራም። አያቴ ከጠዋት ጀምሮ የሠርጉን ክራቫት አስሮ፣ ኩፖኑን ደረት ኪሱ ከትቶ፣ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሲመሽ እሄዳለሁ ብሏል።

"አባባ፣ በሩ ላይ ይይዙሃል" አልኩት።

"እሷን ጋብዘው እኔን ሊያስሩ?"

"እሷ የለችም እኮ፣ አባባ።"

"አውቃለሁ። እነሱ ግን አላወቁም ነበር" አለኝ። ክራቫቱን አስተካከለ። "ያልሞተችው እዚያ ቤት ብቻ ነበር። አፌን አልዘጋ ብዬ እዚያም ገደልኳት።"

እኔ፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ መልስ የማጣ ልጅ አይደለሁም፤ አስተማሪዎቼን ይጠይቁ። የዚህ መልስ ግን ያለው እርስዎ ጋ ነው። ስለዚህ ይህን ልጽፍልዎ ተቀመጥኩ።

ልመናዬ አጭር ነው። የቀረውን ነጥብ ውሰዱት። ከነገ ጀምሮ በራችንን አትርገጡ ካላችሁ አንረግጥም። ለዛሬ ማታ ብቻ በተቆረጠው ካርድ ፈንታ አዲስ አውጡላትና፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ ያለው ማሽን ውስጥ አንዴ ይክተተው። ስሟን ይበል። ከዚያ የጋበዛችሁትን ጥብስ ይብላ፤ ሲጨርስ እኔው ራሴ እጁን ይዤ አወጣዋለሁ፣ ጥበቃ አያስፈልግም።

ለቤትዎ ብልጽግናን፣ ለማሽኖችዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለሹምዎ መቀስ ስለትን እየተመኘሁ፣ በችሮታዎ ሽሪምፕ ያደግኩ፣ ከምንጣፍዎ ወዲህ ቆሜ እጅ የምነሣ፣ እጅግ ትሑት አገልጋይዎ፣

ጆሊን ሃስኬት
(አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ዲፕሎማ የለኝም፣ ጊዜ ግን አለኝ።)

ግልባጭ፦
ለልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሰሌዳ
ለሻርሊን፤ አልተቀየምንሽም
ለኦፓል ሃስኬት፤ አዲሱ አድራሻዋ ስለሌለኝ፣ ኩፖኑን በላካችሁበት መንገድ እናንተው አድርሱልኝ

ማስታወሻ፦ ይህን ወረቀት በሩ ላይ ላለው ጥበቃ በእጄ ነው የምሰጠው፣ አልደረሰኝም እንዳይሉ። ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ስትገባ አያቴ መኪናውን ያስነሣል። ቁልፉን ደብቄበታለሁ፣ ግን የምደብቅበትን ቦታ ያስተማረኝ እሱ ነው። ስልካችንን ፍለጋ አይድከሙ፤ መዝገባችሁ ላይ በኦፓል ስም ያለው ቁጥር ዛሬም የቤታችን ነው። የሞተች ሴት ቁጥር ነው ብለው ደግሞ እንዳይሰጉ፣ ልደቷን ስታስታውሷት አልሰጋችሁም። ደብዳቤውን ሰጥቼ እንደተመለስኩ ስልኩ አጠገብ ቁጭ እላለሁ፣ እኔ ነኝ የማነሣው። ሳይመሽ ይደውሉ።